የሁለት ባንዲራ ሰፊ

ባሪሳል ወንዝ ዳር፣ ከጀልባው ማረፊያ፣
ከጎፓል ሻይ ቤት ጎን አለኝ መተዳደሪያ፤
ባለ መርገጫ ማሽን፣ አንድ ሜትር፣ አንድ መቀስ፣
ለሙሽራ ሸሚዝ፣ ለተማሪ ልብስ።
ዓለም ዋንጫ ሲደርስ ይህ ሁሉ ይቀራል፣
ከተማው ባንዲራ ብቻ ያሰፋኛል፤
ሰማያዊና ነጭ፣ አርጀንቲና ላለ፣
ቢጫና አረንጓዴ፣ በብራዚል ለማለ።
ሁለቱንም አገር በካርታ እንኳ አላውቅ፤
ነጩ ክሬ ግን አንድ ነው፣ ለሁለቱም የሚያልቅ።

ልጄ ቱሂን ሰማያዊ ነው እስከ ጥፍሩ፣
የወንድሜ ልጅ ሪፖን ቢጫ ነው፣ ይኸው እስከ ፀጉሩ።
ከአንድ ትሪ በልተው፣ ባንድ ምንጣፍ ተኝተው፣
ጀርባ ለጀርባ ሆነው፣ ስልካቸውን አብርተው፣
ባውራ ጣት ይሰዳደባሉ።
ቤቱ ጸጥ ብሏል፤
ጣታቸው ብቻ፣ ቆርቆሮ ላይ እንዳረፈ ካፊያ፣
ጠብ ጠብ ይላል።

ማክሰኞ ጠዋት መምህርት ሉትፋ
ከጀልባ ላይ ሆና የድልድዩን ሦስተኛ ምሰሶ ፎቶ አነሳች፤
ከውሃው ክንድ ያህል ከፍ ብሎ አፉን የከፈተ ስንጥቅ፣
ልኩን እንድናውቅ መዳፏን እስከ አንጓዋ አስገብታ አሳየች።
ከሥሩም ጻፈች፦ «ተማሪዎቼ በዚህ ላይ ያልፋሉ።
ብረቱን ማን በላው?»

የመጀመሪያው መልስ «አላህ ይጠብቀን» ነበር።
ቀጥሎ፣ «ኮንትራክተሩ የማን አማች ነው?»
ቀጥሎ፣ «ይህችን ሴት ማን ከፈላት?»
አራተኛው ሰው ስንጥቁን አየና፣
«የብራዚል ተከላካይ ይመስላል» ብሎ ሳቀ፤
የድልድዩ ነገር እዚያ ላይ አለቀ።
እስከ ቀትር ድረስ ሦስት ሺህ ሰው
ስለ ፍጹም ቅጣት ምት፣ እጅ ስለነካው ኳስ፣
ሳይወለድ ስለተበላ ዋንጫ ተሟገተ፤
የሉትፋ መዳፍ እዚያው ስንጥቁ ውስጥ ቀረ፣
እንደተከተተ።

ሐሙስ ከማዘጋጃ ቤት አንድ ጸሐፊ መጣ፣
ሽቶው ከሱ ቀድሞ ደረጃዬን ወጣ።
«አጎቴ ሞፋዛል» አለኝ፣ «ሕዝቡ ደስ እንዲለው፣
ሰፊ ባንዲራ ስፋ፣ ድልድይ የሚያክለው፤
ሁለቱም ጎን ለጎን፣ አንድ ላይ ተሰፍቶ፣
ከሦስተኛው ምሰሶ ይውረድ ተዘርግቶ።»
ለምን ሦስተኛው? አልኩ፣ በሆዴ።
በአፌ ዋጋውን ተናገርኩ፤ ግማሹን ተቀበልኩ።
የሦስት ወር ኪራይ አለብኝ፣ ነውሬን ልንገራችሁ።
ድር ቢያብር ለካ ስንጥቅ ይሸፍናል።

ማታ ሉትፋ መጣች። ነገር አላነሳችም፤
ሲሚንቶ የቀደደውን እጅጌዋን ዘርግታ
«ይሰፋል?» አለችኝ።
«ይሰፋል» አልኳት።
ስለ እጅጌው ይሁን ስለ ስንጥቁ አልተነጋገርንም።
ግራጫው አቧራ ጣቴ ላይ ቀረ፤ ገንዘቧን መለስኩ።
ሌሊቱን ሁለቱን ባንዲራ መሐል ለመሐል ስገጥም፣
የማሽኑን ስፌት ትቼ፣ በእጄ፣
ላላ ባለ ክር ሸለል አደረግሁት።

የቅዳሜው ጨዋታ ሊያልቅ ሩብ ሰዓት ሲቀረው
ከወንዙ ነፋስ ተነሳ፤
ባንዲራው ከመሐሉ ተተረተረ፣
ሦስተኛው ምሰሶ በስክሪኑ ብርሃን ራቁቱን ቀረ።
ለአንድ እስትንፋስ የሺህ ሰው ጉሮሮ ዝም አለ፤
የቱሂንና የሪፖን አውራ ጣት አየር ላይ ተንጠለጠለ።
ከዚያ ስልኮች ተነሡ፣ ብልጭ፣ ብልጭ።

ሲነጋ ክርክሩ ምን ነበር በሉኝ፦
ቀድሞ የተቀደደው የማን ባንዲራ ነው?
ሰማያዊው «ቢጫው» ይላል፣ ቢጫው «ሰማያዊው»፤
በአንድ ነገር ብቻ ተስማሙ፦
ጥፋቱ የሰፊው ነው።

እውነት ነው፤ የሰፊው ነው።

ዛሬ ግን ጎፓል ሻይ ሊያቀብለኝ መጥቶ ስልኩን አሳየኝ፤
ከአምስት ሺህ ስድብ በታች፣
ሪፖን የጻፈው አንድ መስመር፦
«ቆይ… ስንጥቁ ካለፈው ማክሰኞ ሰፍቷል።»
ማንም አልመለሰለትም፤
ቱሂን ብቻ፣ ከሥሩ፣
አውራ ጣቱን አኑሮበታል።