ይበቃል ወይ?

መዳብ ተቆፍሮ ባለቀባት ቡት፣ በሞንታና ብርድ፣
ተራራው ተበልቶ ጉድጓድ በቀረበት፣ ከዋናው መንገድ
ዝቅ ብሎ ሱቅ አለኝ፤ ሽጉጥ እሸጣለሁ፤
ሠላሳ ዓመት ሙሉ እዚሁ ባንኮኒ ኋላ ቆሜአለሁ።
ሥራዬ ልኬት ነው። እንደ ልብስ ሰፊ ሜትር አንገቴ ላይ ጥዬ
የሰው ፍርሃት እለካለሁ፤ «ስንት ቁጥር ላምጣ?» ብዬ፣
እንደ ጫማ ሻጭ። ለሁሉም ምክሬ አንድ ነበር፦
«ከዘጠኝ ሚሊ በታች ያለው ለቆርቆሮ ነው፤ ለቁም ነገር
አይሆንም።»

ሲልያ ኮስኬላ በኅዳር መጣች፣ ባለ ልብስ ማጠቢያዋ፤
ሳሙና የሚሸት ኮቷን ሳታወልቅ፣ ከጎን ኪሷ
በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር አወጣች።
ሃያ ሁለት፣ የሟች ባሏ፤ እጀታዋ ተሰንጥቆ በሽቦ የታሰረች፣
መዳፍ የማትሞላ። ባንኮኒው ላይ አስተኛቻት፣ እንደ ታመመች ጫጩት።
«ኦሪን፣ ሌሊት የምዘጋው ብቻዬን ነው። ትበቃኛለች? ያለ ሹፈት
ንገረኝ።»

ሹፈት አማረኝ። «ለጥንቸል ትበቃለች» አልኋት።
«ሰው ግን ካፖርት ደርቦ፣ ጠጥቶ፣ ተናዶ ሲመጣ ይህች እርሳስ ምን ናት?
ምስር ናት። ታስቆጣዋለች እንጂ አታስቆመውም።»
ጥቁሩን፣ ትልቁን አወረድሁላት። «ሞክሪው፤ ለሙከራ አላስከፍልም።»

ከሱቁ ጀርባ፣ በሰባት ሜትር፣ ወረቀት ሰቅዬ።
ቁርጥማት ያጣመማቸው ጣቶቿ ብረቱን ስበው ማጉረስ ቢያቅታቸው
እኔው አጎረስሁላት፣ «በይ ተኩሺ» ብዬ።
አምስት ተኮሰች። በየተኩሱ ዓይኗን ጨፈነች፤
አፈሙዙ ወደ ጣሪያ ሲዘል እሷ ወደ ኋላ ሄደች።
አንዱ የወረቀቱን ጠርዝ ላሰው፤ የቀሩትን ግድግዳው ይወቃቸው።

ከዚያ ትንሿን አነሳች። ጣ። ጣ። ጣ። ጣ። ጣ።
አምስቱም በአንድ የሻይ ሳህን ስፋት፣ ቀጠሮ አክብሮ እንደ መጣ
እንግዳ።

ዝም አልሁ። ዝምታዬ ግን ስለ እሷ ብቻ አልነበረም።
ከስድስት ዓመት በፊት፣ ነዳጅ ማደያው ኋላ፣ ሁለት ጎረምሶች ጥርሴን ሲያረግፉት
አርባ አምስቴ ወገቤ ላይ አልነበረም።
የት ነበር? መኪናው መሳቢያ ውስጥ። ይከብዳላ! ጎን ይቆረቁራል፣
ሱሪ ያወርዳል፣ ስትቀመጥ ይወጋል።
ለሚስቴ እንኳ እስከ ዛሬ «በረዶ አዳልጦኝ ነው» እላለሁ፤
የትልቅ ሽጉጥ ምክር እየሸጥሁ፣ በሰው ሠራሽ ጥርስ እስቃለሁ።

«ያዢያት» አልኋት በመጨረሻ። «ኪስ ያለች ምስር
መኪና ከቀረ ባቄላ ትሻላለች።» ሌላ አላልሁም። የሚባል አልነበረም ሌላ ነገር።

በየካቲት ተመልሳ መጣች። ፊቷ እንቅልፍ አላየም።
ከምሽቱ አምስት ሰዓት፣ አንድ ሰው ትልቅ መፍቻ ይዞ ገባ አለችኝ፤ እሷን ልብ አላለም፤
የሳንቲሙን ሣጥን ሊሰብር ማሽኑ ላይ ጎንበስ ሲል
ማድረቂያው ይዞራል፤ የማን እንደሆነ ያልታወቀ ሸሚዝ ይንከባለል
ነበር። እጇን ኪሷ ከተተች። ብረቱን አገኘችው።
«ይበቃል» አለችው።
ጮኻ አይደለም። ልጅ ሦስተኛ ብስኩት ሲያነሳ እንደሚባለው ነው ያለችው።
ሰውየው ቀና አለ። መፍቻውን ቀስ ብሎ፣
ወንበሩ እንዳይቧጠጥ የሚጠነቀቅ መስሎ
አስቀመጠና ወጣ።

«ታዲያ ምን አስቆመው? ኪሴን አይቶ? ድምፄን ሰምቶ? ወይስ ደክሞት?
ባይቆምስ? ያች ምስርህ ትበቃ ነበር?»
                    «አላውቅም» አልኋት።
ይህ ቃል በዚህ ባንኮኒ ላይ ሲወጣ የመጀመሪያው ነው።

ሃምሳ ፍሬ ጥይት ገዛች፣ የትንሿን። ሂሳቡን በሳንቲም ቆጠረችው።
ከዚያ ከዘንቢሏ መፍቻውን አውጥታ «አንተ ጋ ይቀመጥ፤
እኔን ያፍረኝ ይሆናል። ሲመጣ ስጠው፤ የሰው ዕቃ ነው፣ ደህና ብረት» ብላ ሄደች።

መስኮቱ ላይ ሰቅየዋለሁ። እስካሁን የጠየቀው የለም።
አንድ ማታ በሚዛን አስቀምጬ አየሁት፤
ከአርባ አምስቴ ይከብዳል።