ሐረጎ ቁልቁል

ሐረጎ ቁልቁለት፣ ሦስተኛው ጥምዝ ላይ፣
ጉም ከእግሬ ሥር ተኝቶ፣ ከላዬ ጥርት ያለ ሰማይ፣
የፊቱን ፍሬን ያዝኩት።
እጀታው ሰተት አለ፤ ከመሪው አገኘሁት፤
ጣቴ ሥር ለሰለሰ፣ እንደበሰለ በለስ፤
ብስክሌቴ አልሰማም፣ ነጎደ እንደ ነፋስ።

የኋላውን ሳብኩት፤ እሱስ ጠጣር ነበር፣
እንደ ድንጋይ ጠጣር፤
ጎማው ግን አልያዘም፣ ዲስኩ ዝም ብሎ ዞረ፣
ዝም ብሎ፣ ዝም ብሎ፣ እንደተመከረ።

ያቆመኝ ቦዩ ነው፤ በተራራው በኩል፣
የጫማዬን ሶል በልቶ፣ ጉልበቴን ልጦ እኩል፤
ከኋላ ሲኖትራክ ጡሩምባውን ነፍቶ፣
ሾፌሩ «እብድ!» አለኝ፣ አንገቱን አውጥቶ።

የቀረውን መንገድ እየገፋሁ ወረድኩ፤
ክፍለ ጊዜዬ አለፈ፤
ቦርከና ድልድይ ጋ፣ ከኑርዬ ደጅ ቆምኩ።

ኑርዬ ባጃጅ ሠሪ ነው፤ ወሬ አያበዛም።
ደጋግሞ ጨበጠው፤ አንድ፣ ሁለት፣ አምስት፤
እየጠነከረ መጣ በስድስት።
ለቀቀው። ጠበቀ። ሲይዘው እንደገና
በለስ ነው።
«አየር ገብቶበታል» አለ፤ «ማነው የገለበጠው?»

እኔ ነኝ። ቅዳሜ፣ ጎማ ልቀይር ብዬ
ዘቅዝቄ አቁሜው፣ አደረ ጓዳዬ።

«ዘይት አይጨመቅም፤ የሰጡትን ያደርሳል።
አየር ግን» ጣቱን አጠፈ፤ «ይቀበልሽና ይተኛል።»

ሰባት ዓመት ሙሉ፣ ጠመኔ በእጄ፣
«በዝግ ፈሳሽ ላይ ያረፈ ግፊት
በሁሉም አቅጣጫ እኩል ይደርሳል» እያልኩ
ልጆቹን በዜማ ሳስደግም የኖርኩት፣
ያቺን አንዲት ቃል፣ «ዝግ» የምትለውን፣ እንደዋዛ አለፍኳት።

እሱ ሲሪንጅ አመጣ፣ የግሉኮስ ቱቦ ቆርጦ፣
የላዩን ቡሎን ፈቶ፣ የዘይቱን ጓዳ ገልጦ።
የመኪና ፍሬን ዘይት ልግዛ አልኩት፣ ለሱ፤
«ተይው፣ ጎሚኒውን ያሳብጣል፤ ሌላ ነው የዚህ ምሱ።»
ከታች እየገፋ፣ በመፍቻው እጀታ
መስመሩን ያንኳኳል፣ ቀስ እያለ፣ በእርጋታ፤
«ውጣ አቦ፣ ውጣ» ይላል፣
ጓዳ የተደበቀ ልጅ እንደሚያባብል።

ወጣች። አንዲት አረፋ፣ ጤፍ የምታክል፣
ተከትላት ሌላ፣ የምስር እኩል።
ገደል አፋፍ ያደረሰችኝ ይህቺ ናት እንግዲህ፤
ላይ ወጥታ ፈነዳች፣ ድምፅ እንኳ ሳይኖራት።

ወደ ኋላው ዞረ። ዲስኩን በጣቱ ዳበሰው፣
ጣቱን አሸተተው፣
ቀና ብሎ አየኝ።
«ማነው የቀባው?»

ይጮህ ነበራ! ዝናብ በጣለ ቁጥር
ከሙጋድ እስከ ፒያሳ ስሜን ሲያነሣ፣ ሲናገር፤
ሰው እየዞረ ሲያየኝ፣ ተማሪዎቼ ሲስቁብኝ፣
የስፌት መኪና ዘይት ጠብ አደረግኩበት፣
ዝም አለልኝ፤
እኔም የተሻለው መስሎኝ ተኛሁ።

ኑርዬ አልተቆጣም። ሸራውን ፈታና
በብርጭቆ ወረቀት ፋቀው፣ አሸተተው፣ ጣለው፤
«ጠጥቶታል፤ አይድንም። ሌላው ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው።
አብሽሪ።»
ዲስኩን በአልኮል አጠበ፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፣
በሦስተኛው ጨርቁ ነጭ ሆኖ ወጣ።
ስንት ልክፈል አልኩት።
«የቱቦውን ክፈይ» አለ፣ ሳይስቅ፤
«አየሩን በነጻ ነው ያወጣሁት።»

በአሥራ አንደኛው ቀን ሸራው መጣ።
ሐረጎ ዝናብ ነበር። ሦስተኛው ጥምዝ ላይ
ሁለቱንም ያዝኳቸው።
የፊቱ ጠጠረ፣ ገና ከግማሽ ሳይደርስ፤
የኋላው ጮኸ፣
ተራራ ለተራራ የሚሰማ ጩኸት፤
ሳር የጫነች አህያ ጆሮዋን ቀሰረች፣
ጃንጥላ የያዙ ሴትዮ «ኧረ ጉድ!» አሉ።

ቆምኩ። ራሴ በፈለግኩት ስፍራ፣
ከገደሉ ሁለት ክንድ ቀርቶኝ።
ዝናቡን ከፊቴ ጠረግኩና ለቀቅኩት፤
ታችኛው ጥምዝ ላይም ጮኸ፤
ይጩህ።