ያልተቀባ አስፋልት

ማዘጋጃ ቤቱ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
በመስኮቴ በኩል ዌር ወንዝ የሚታይ፣
የቅሬታ ክፍል ነኝ፤ ሥራዬ ማንበብ፣
በየፖስታው ታሽጎ የመጣ ንዴት መሰብሰብ።
አንዱ «ሦስት ደቂቃ ባሳልፍ» ይለኛል፣
ሌላው ከነእናቴ ጠርቶ ይሰድበኛል፤
የታተመ መልስ አለኝ፤ ለሁሉም እልካለሁ፤
«በአክብሮት» ጀምሬ «በአክብሮት» እዘጋለሁ።

የዊልፍሬድ ኦርድ ደብዳቤ፣ በእጁ የጻፈው፣
ፊደሉን እንደ ሚስማር አንድ ባንድ የመታው፣
እንዲህ ነበር የሚለው፦

«ሰንደርላንድ ተወልጄ መርከብ ነው የሠራሁ፤
አናጢ ነበርኩና ለክቼ እናገራለሁ።
ሐሙስ ሌሊት ባለቤቴ ዶሪን ወደቀች፤
አምቡላንሱ ሲመጣ እጄን እንደያዘች
አብሬያት ገባሁ። መኪናዬ ደጅ ቀረች።
አስፋልቱ ጥቁር ነበር፤ አንድም ሕግ አልጣሰች።

ዓርብ ነው ቀቢዎቹ የመጡት፣ እኔ ሳልኖር፤
ከማዕዘኑ ጀመሩ ጥንድ ቢጫ መስመር፣
መኪናዬ ጋ ሲደርሱ ብሩሹን አነሡ፣
ዘለሏት፤ ከኋላዋ ቀጥለው ጨረሱ።
ቅዳሜ ደንብ አስከባሪው ቢጫውን አየ፣
መኪናዋን አየ፤ ከሥሯ ያለውን አላየ።
እሑድ ጎተቷት።

ሰኞ የዶሪንን መነጽር ልወስድ ስመጣ
ባዶ! ሌባ ወሰዳት ብዬ ስቆጣ፣
ሚስስ ፌንዊክ በመስኮት፦ ‹ማዘጋጃው ነው ዊልፍ፤
ሌባስ ይሻል ነበር፤ ወስዶ ነው የሚያልፍ፣
ክፈለኝ አይልህ።›
ድልድዩን ተሻግሬ፣ ሁለት አውቶቡስ ይዤ፣
የብረት አጥሩ ጋ ደረስኩ በብርድ ደንዝዤ።
ከፈልኩ፤ በሩን ከፈቱ።
ሆስፒታል ስመለስ አሥር ሰዓት አልፎ ነበር።

ካሳዬም ይኸው ነው፦ ቅጣቱ ሠላሳ አምስት፣
መጎተቻው መቶ አምስት፣ ዓሣው ፓውንድ ስድስት
(አራት ቀን ከኋላዋ ታፍኖ ሸቶ ነበር)፣
የአውቶቡሱ አራት ፓውንድ ከሃያ ሲደመር።
የቀረችው አንዲት ናት፦ ከቀኑ ዘጠኝ እስከ አሥር።
ያኔ ዶሪን ነቅታ፣ ነርሷ እንደነገረችኝ፣
‹ዊልፍ የት ነው?› አለች፤ ሌላም ቃል ላከችልኝ፤
ነርሷ አልያዘችውም። ዶሪን መልሳ ተኛች፤
እስከ ዛሬ ዓይኗን ትከፍታለች፣ አፏን ግን ዘጋች።
የዚያችን ሰዓት ዋጋ እናንተ ሙሉበት።

ፎቶ አያይዣለሁ፣ ሜትሬን ዘርግቼበት፦
ያልተቀባው አስፋልት አራት ሜትር ከአሥር፣
መኪናዬ ሦስት ከዘጠና። ትርፉ ሃያ ሳንቲሜትር
ቀለም እንዳይረጫት የተጠነቀቁላት ነው።
ለእሱ አመሰግናለሁ።»

ቅጹ ላይ ሣጥን አለ፦ ለቅጣት፣ ለጉዞ፣ ለንብረት፤
ለሰዓት የለውም። አለቃዬ ጋ ይዤ ገባሁበት።
«ሠንጠረዡ ውስጥ የለም» አለች ጊሊያን በእርጋታ፤
ሃያ አምስት ጨመረች፣ የበጎ ፈቃድ ስጦታ።

ቼኩ ሄደ። በሳምንቱ ፖስታ መጣ፤ ስከፍተው
ሃያ አምስት ፓውንድ በጥሬው፤ ከጎኑ የጻፈው፦
«መቶ ሃምሳ ከሃያው ደርሶኛል፤ ልክ ነው።
ይህቺ ግን የእኔ አይደለችም።
የማን እንደሆነች ፈልጉ።»

አሁን ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ትእዛዝ አለ፣
«ክፍተቱ በአስቸኳይ ይቀባ» እያለ፣
ፊርማዬን ይጠብቃል።

ትናንት ካፖርቴን ደርቤ ከቢሮ ወጣሁ፤
እዚያ መንገድ ሄጄ ከቢጫው መሐል ገባሁ።
ነፋሱ ከባሕር ነበር፤ ሰዓቴ ዘጠኝ ከሩብ።
ልጅ እግር ደንብ አስከባሪ መጣ ቀረብ ቀረብ፤
«መኪና እየጠበቁ ነው?» አለኝ፣ ደብተሩን ገልጦ።
«አይ» አልኩት፤
«ቦታ ይዤ ነው።»