ባሕር ሸሽ

የተነሣሁትስ ወደ ስሜን ነበር፣
ዋልያውን ላየው፣ ከገደሉ ድንበር፤
መነጽር ተውሼ፣ ሹራብ ደራርቤ፣
«ሳላየው አልሞትም» ስል ከርሜ በልቤ።

ጎንደር መናኸሪያ፣ የደባርቅ መኪና
ሞልቶ ወጥቷል አሉኝ፣ ጎሕ ሳይቀድ ገና።
ሻንጣ እንደ ልጅ ታቅፌ ወዲያ ወዲህ ስል
አንዲት ሴት ጠራችኝ ከቅጥቅጡ መሐል፤
ስለናት ነው ስሟ፤ ሽንኩርቷን አራግፋ
ተቀምጣበታለች ጆንያዋን አጥፋ።

«ተራራ የት ይሄዳል?
ከርሞም ብትመጣ እዚያው ይጠብቅሃል።
የኛ አገር ነው ሂያጁ፤
ክረምት ይሰምጣል፣ በጋ ይወጣል ከደጁ።
ሰሞኑን ወጥቷልና
ሳይገባ እየው፤ ና!»

ቆላ ድባን አልፈን፣ ጯሂትን አልፈን፣
የመረሬ አቧራ እንደ ዱቄት ለብሰን፣
ከመንገዱ ማለቂያ ጎርጎራ ስንደርስ
ጣና ዝም ብሏል፣ እንደ ጠገበ ፈረስ።

ትንሽ ናት ከተማዋ፦ አንድ ወፍጮ፣ ሁለት ሻይ ቤት፣
የተገለበጠ ታንኳ፣ ፍየል የተኛችበት፣
የደረቀ እምቦጭ ክምር፣ ድርቆሽ መሳይ፣ ከብት የማይበላው፤
ከዚያ በታች ጭቃ፤
ከጭቃው መሐል የስለናት ዋርሳ፣ አብራራው።

ባሕር ሸሽ ይሉታል።
ውኃው ሲያፈገፍግ መሬት ትቶ ይሄዳል፣
ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ገና ስም የሌለው፤
ማረሻ አይጠይቅም፣ ሽምብራ ነው የሚበተነው።

ጣጣው ወሰኑ ነው።
ዓሣ ሲዋኝበት የከረመ እርሻ
ከየት ይጀምራል? የትስ ነው መጨረሻ?
ችካል ቢተክሉ ማዕበል ይነቅላል፤
ድንጋይ ቢያስቀምጡ ጭቃ ይውጠዋል።
አባቶች በዓይን ነው ያሰመሩት፦
ከሾላው ግንድ ተነሥተው
የትምህርት ቤቱን ቆርቆሮ ጫፍ አነጣጥረው፣
ቀጥ።
አብራራው «እዚህ» ይላል። ጎረቤቱ እንዳላማው «የለም፣ እዚያ» ይላል።
በመካከል አንድ እርምጃ ተኩል ጭቃ አለ፤
ስለዚያ እርምጃ ተኩል ሁለት ዓመት ሰላምታ የለም።

«አንተ እንግዳ ነህ» አሉኝ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ ባንድ ቃል ተስማምተው፤
«ዘመድም ጠላትም የለህ። ገመዱን ያዘው።»
ሱሪዬን ሰብስቤ ገባሁ፣ ቆምሁ እንደ ችካል፤
ጭቃው ቁርጭምጭሚቴን ቀስ ብሎ ይውጣል።

ለዋልያ ያመጣሁት መነጽር
ዋለ ለቆርቆሮ።
አብራራው አየ። እንዳላማው አየ። ዝም አሉ።
ትምህርት ቤቱ አንድ ክፍል ጨምሯል፤ ጣራው ሰፍቷል፤
አባቶች ያነጣጠሩበት ጫፍ
ከነበረበት ፈቀቅ ብሏል።

ታረቁ እንድል ትጠብቅ ይሆናል።
እንዳላማው ጭቃውን ከእጁ አራገፈና
«እንግዲያ ትምህርት ቤቱ የሽምብራ ዕዳ አለበት» አለና
ሄደ። አብራራው ሳቁን በክርኑ ሸፈነ።
እርምጃ ተኩሏ ያን ቀን ሳትዘራ መሸ።

ማታ፣ የተጠበሰ ቆሮሶ እያቀረበ፣
«ፓርክ ምንድን ነው?» አለኝ።
«አውሬ የሚጠበቅበት።»
ጥቂት አሰበ።
«ከማን?»
«ከሰው።»
«ሰው ከአውሬ የሚጠበቅበትስ የለም?»

ሌሊት ጉማሬ ወጣ። ንጋት ላይ ዱካው፣ ድስት የሚያህል፣
ከአብራራው ወደ እንዳላማው፣ ከእንዳላማው ወደ አብራራው፣
ወሰን ሳይጠይቅ ተመላልሷል፤
በየዱካው ውስጥ ውኃ ቋጥሯል።
ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው ያዩታል።
ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም።

ጎንደር፣ አልጋ ቤቱ ደጃፍ፣ ጫማዬን በስንጥር ፋቅሁ።
ደርቋል፤ ይፈረፈራል።
ከውስጡ አንዲት ሽምብራ ወደቀች፣
ጫፏ ነጭ፣ ልትበቅል የዳዳች።
ከማን በኩል ነች? ከአብራራው? ከእንዳላማው?
ወይስ ካልተዘራችው?
ገመድ የለኝም፤ ኪሴ ከተትኋት።
ነገ ወደ ስሜን ይዣት እወጣለሁ፤
ተራራ የት ይሄዳል።