የማይከሽፍ

ቧንቧ ውሃ ገባ ብሎ፣ ሰዓት ጠጋኙ አጠገብ፣
ሰሌዳ የሌለው በር አለ፣ ለሚያውቅ ብቻ የሚነበብ።
የጦሳ ጉም እግሬን ይዞ እስከ ደጁ ተከተለኝ፤
ጋሽ እብሬ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ «ግቢ ሽቱ» አለኝ።

ፈቃዴን ዘረጋሁለት፣ ማህተሙ ገና ያልደረቀ፤
በጣቱ ፊደል ቆጠረ፣ ሳቀና መልሶ ጠየቀ፤
«ለበርበሬሽ ነው ወይስ ለነፍስሽ?»
«ለሁለቱም።
ሰኞ ባቲ ነኝ፣ ማክሰኞ ኮምቦልቻ፤
ሐረጎን ሲመሽ የምወጣው ከብሬ ጋር ብቻ ለብቻ።»

ጨርቁን ገለጠ። ሦስት ናቸው፣ እንደ ሕጻናት ባንድ አልጋ፤
የመጀመሪያውን አነሳሁ፤ ክብደቱ የእጄን አንጓ ወጋ።
«ይሄ ስታር ነው፤ ሽማግሌ፣ የስንቱን ወገብ ያወቀ፤
ሞላው ግን እንደኔ ጉልበት ከርሞ ከርሞ የማቀቀ።»
ጣቴን ብዘረጋ ብዘረጋ፣ ቃታው ላይ አልደርስ አለ፤
እጀታው የሰው ጫማ ነው፤ ተረከዜ ውስጡ ዋለለ።

ሁለተኛው የቱርክ ነው፤ ያብለጨልጫል እንደ ሙሽራ።
«ይሄን ጎረምሶች ይወዱታል፤ ያምራል፣ ይረክሳል፣ ይፎክራል፤
ሦስተኛው ጥይት ላይ ግን ቀለሁን አፉ ውስጥ ይዞ ይቀራል።
ጌጥ ከፈለግሽ ወርቅ ቤት ሂጂ፤ ከዚህ በላይ ምን ላውራ?»

ሦስተኛው ማካሮቭ ነበር፤ አጭር፣ ጥቁር፣ ወሬ የለሽ።
«እንደ ሚዛንሽ ብረት ነው፤ መዳፍሽ ሲያገኘው ደስ አለሽ?»
ደስ አላለኝም፤ ተመቸኝ። ይለያያል ሁለቱ።
የመበለት አልጋም ይመቻል፤ ሰፊ ነው ሌሊቱ።

ከቀሚሴ ላይ በመቀነት አስሬው ተቀመጥኩ፣ ተነሳሁ፤
ጆንያ እንደሚያነሳ ሰው አጎነበስኩ፤ የጎድን አጥንቴን ረሳሁ።
«ተማመኝበት፣ አይከሽፍም» አለ ሲወለውለው በዘይት፤
«ጭቃ በላ፣ አቧራ ጠጣ፤ እምቢ ብሎ አያውቅም ለጥይት።»

አይከሽፍም።
ቃሉ እንደ ቀለህ ወለሉ ላይ ተንኳለለ።

የይማምን ሽጉጥ አስታወስኩ፣ ያን ዝገት የበላው ብረት።
በዚያ ጥቅምት፣ ሰዉ ወጥቶ፣ ውሻ ቀርቶ ለከተማነት፣
አጥራችን ተንኮሻኮሸ። ባሌ ተነሳ ግድግዳ ታኮ፤
«ማነህ!» አለ። መልስ የለም። «ማነህ!» ደገመ። ተኮሰ እኮ!
ቀጭ።
እንደ ሣጥን ቁልፍ። ሌላ ምንም።
ሊያቀባብል ሲታገለው ብረቱ እሺ አላለም፤
ካጥሩ ስር ጭንቅላት ብቅ አለ፣ ኑርዬ፣ የጎረቤት፣
ዲዳው ኑርዬ፣ ዶሮው ጠፍታው የሚዞር ቤት ለቤት።

ይማም ያን ሽጉጥ ሲረግም አንድም ቀን አልሰማሁም፤
አይጠግነውም፣ አይሸጠውም፤ እኔም አልጠየቅሁም።
በኩላሊቱ ሲሞት እንኳ ትራሱ ስር ነበረ።
ኑርዬ ዛሬ ኮምቦልቻ ባጃጅ ያጥባል፤ ጢም ጀማመረ፤
ሲያየኝ ጨርቁን ያውለበልባል፣ አረፋ ይረጨኛል፤
እኔ እስቃለሁ። ከዚያ እስከ ቤት፣ ጉልበቴ ይከዳኛል።

«ጋሽ እብሬ፣ አይከሽፍም ስትል፣ ለማንም ነው? ሰው አይለይም?»
ዘይት የነካው ጣቱ ቆመ። «ብረት ነው ሽቱ። አይለይም።»

ብሩን ቆጠርኩ፣ በርበሬ የሸተተ፣ አንድ ባንድ እየለየሁ፤
አስነጠሰው ጋሽ እብሬን፤ «ይማርህ» አልኩና ቆየሁ።
ስወጣ ከኋላ ተጣራ፤ «የይማምን አሮጌ አምጪልኝ፤
ልጠግነው በነጻ፤ ለሙት መታሰቢያ ይሁንልኝ።»
«የለም» አልኩት፣ «እሱ እንደከሸፈ ይኑር፤
ቤትም ጠባቂ ያስፈልገዋል።»

ሐረጎ ላይ ሚኒባሱ ሲጠማዘዝ ጎኔን ዳሰስኩ፤ የጠፋ መሰለኝ።
እዚያው ነበር። ይህን ያህል መመቸቱ
አስፈራኝ።