የአንገትጌው ቁልፍ

ሻርጃ፣ ከሮላ ገበያ ወዲያ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ
ሐኪሙ ወረቀት ሰጠኝ፣ ዐይኑ ከኮምፒውተሩ ሳይለይ።
አሥራ ስምንት ጥያቄ። በአንዱም አልዋሸሁ፤
የክፍል ቁልፍ ጥያለሁ፣
የእንግዳ ፓስፖርት ኮፒ ማንሻው ሥር ረስቻለሁ፣
ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ እመልሳለሁ።
እስክሪብቶው በጣቶቼ መካከል ሲንዘፈዘፍ
እሱ «አዎ»ዎቼን ይቆጥራል፣ እንደ ወታደር ሰልፍ።

«ዙበይዳ» አለኝ። ዘቢደር ነኝ። ማረሙ ታከተኝ።
«የትኩረት ማነስ ነው፤ መቅበጥበጥ ያለበት።
ከልጅነትሽ አብሮሽ ኖሯል፣ ሳታውቂበት።»

ከልጅነቴ?
ሐይቅ ትምህርት ቤት፣ ለአምስት ልጅ አንድ መጽሐፍ ሲታደል
ባዮሎጂውን የገለበጥሁ፣ አንድ ፊደል ሳልገድል፣
የዕጢዎቹን ሥዕል ሳይቀር፣ በቀይ እስክሪብቶ፣
ፋኖሱ ላምባውን እስኪጨርስ ጠጥቶ?
አልነገርሁትም። ሰባት ደቂቃ ነበር ያለኝ።
እሱም አልጠየቀኝ።

ኪኒኑን ዋጥሁ። ልቤ እንደ ተፈታ ፈረስ ጋለበ፤
እንቅልፌ ከኤሲው ውሃ ጋራ ወለል ላይ ተንጠባጠበ።
ላቤን? ነሐሴ ነው አልሁ፣ እዚህ የማያልበው የታለ።
ክሳቴን? «ታድለሽ» ብሎኝ፣ ሴቱ ሁሉ ምሥጢሬን ፈልጎ ተከተለ።
ባልደረባዬን ሪዘልን ያው ኪኒን አርግቷታል፤ ሐሰት አይደለም ሕመሙ፤
የእኔ አልነበረም እንጂ፣ በስሜ ትይዩ ቢጻፍም ስሙ።

የደንብ ልብሴ የላይኛው ቁልፍ አልገጥም ቢል
ጉልዘማን ጋ ሄድሁ፣ ሜትሩን ከአንገቱ የማይነጥል።
የአምና ደብተሩን ገለጠ። ለካ።
ደግሞ ለካ።
በተሰባበረ ዐረብኛ፦
«ወገብሽ ሁለት ኢንች ቀንሷል፤ አንገትሽ ጨምሯል አንድ።
ሰው ሲከሳ ከላይ እስከ ታች ነው፤ ይኼ የምን መንገድ?»

ጣቴን ጉሮሮዬ ላይ አሳረፍሁ፦
እዚያው ነበረ፣ በቀይ የሣልሁት፣ ክንፉን የዘረጋ ቢራቢሮ፣
ምራቄን ስውጥ ከፍ፣ ዝቅ የሚል፣ ከቆዳዬ ሥር አድሮ።
በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሲሉ ተረት ይመስለኝ ነበር፤
ጆሮ ደግፉን በድርሃም ስሸምት ከርሜአለሁ፣ ከፋርማሲው በር።

ሰኞ ደም ሰጠሁ። ሌላ ሐኪም፣ ሌላ ስም፣ ሌላ ኪኒን።

ያን ምሽት ግን ጉልዘማን፣ መርፌውን ክር አጉርሶ፣
«ቁልፉን ላዛውረው?» አለኝ።
«ተወው» አልሁት፣ «ባለበት ይሁን።»
አምስቱን ድርሃም መለሰልኝ።