ለካ

ሥራዬ ልክ ነው፤ ሰፈር እለካለሁ፣
ክንድ ስንዝር ሳልይዝ፣ ቅጽ ታቅፌ እዞራለሁ።
ስድስት ጥያቄ ነው፣ ሰባተኛ የለም፤
ቁጥር ይሆናል መልስ፣ ቁጥር ደግሞ ቀለም።
ትምህርት እስከ ስንት? ሥራስ አለ ወይ? በወር ምን ይገባል?
ብቻዎን ይኖራሉ? ተፋተዋል ወይስ ባልዎ ሞቶብዎታል?
ልጅ ለብቻ ማሳደግስ?
ተደምሮ ተካፍሎ፣ ካርታው ላይ ይቀባል፤
የደላው ይነጣል፣ ያጣው ጥቁር ይለብሳል።

ሞንትሪያል በምሥራቅ፣ ሆሽላጋ፣ የካቲት።
ደረጃው ከደጅ ነው፣ የብረት፣ የተጠማዘዘ እንደ ቡሽ መንቀያ አንገት፤
በረዶ መስታወት አልብሶታል፤ በእጅ በእግሬ ወጣሁት።
ሦስተኛ ፎቅ፤ ማዳም ሮላንድ ዤንግራ፤ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው።
ተቀመጥ አሉኝ፣ ቆመው ቀሩ፤ አንድ ነው ወንበራቸው።

«ትምህርት?»
«ሰባተኛ። ከዚያ ብስኩት ፋብሪካ፤ አርባ ዓመት ሳሽግ ኖርሁ።»
«ገቢ?»
«እስከ ሃያ እሱ ያደርሰኛል፤ ከሃያ ወዲያ እኔ አደርሰዋለሁ።»
«ብቻዎን ነው የሚኖሩት?»

ሊመልሱ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ በረንዳው ላይ ደወል ተንቃጨለ፤
ገመዱ በበከራው ተወጠረ፣ ዋለለ፤
ከምድር ቤት ፍሪትዝኔል፣ የሄይቲው ሰው፣ «ማዳም ሮ፣ ይሳቡት!» አለ።
ሰማያዊ ባልዲ ወጣ። ዳቦ። የደም ግፊት ክኒን።
የትናንት ጋዜጣ፣ መስቀለኛ ቃሉ እኩሌታው የተሞላ፣
እኩሌታው ለሳቸው የተረፈ።
ባዶውን አልመለሱትም፤ የልጁ ሱሪ ወረደ፣ ጉልበቱ የተጣፈ።

ዞር አሉና፣ «ምን ነበር ያልከኝ?»
ቅጹን ገለበጥሁ፤ ባልዲ የሚገባበት ሣጥን አጣሁ።
«ብቻ» የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ። ልክ ነው። ብቻ…

አምስት ዓመት።
አዲሱ ካርታ ወጣ፤ ጠቁራ የኖረችው ቅንጣት ፈካች፤
አለቃችን በጣቱ ነካት፤ «አያችሁ?» አለ፣ «ዳነች!»
ኬክ ተቆረሰ። አንዱ ጭብጨባ ጀመረ፤
እኔም አጨበጨብሁ፣ ቁጥሩ ልክ ነበረ።

በማግሥቱ ሄድሁ።
ጁላይ አንድ ነው፣ ከተማው ባንድ ቀን ቤት የሚቀያየርበት፣
ፍሪጅ በሰው ጀርባ፣ ፍራሽ በመኪና ጣራ የሚጓዝበት።
የፍሪትዝኔልን በር ሳንኳኳ ሌላ ሴት ከፈተች፤
ሁለት ዲግሪ፣ አንድ ውሻ፤ ደግ ናት፣ ውሃ ሰጠች።
ኪራዩ እጥፍ ሲሆን ሰውዬው ከነልጁ ወንዙን ተሻገረ ይላሉ፤
ማዶ የቱ ጋ እንደሆነ ግን፣ አናውቅም ይላሉ።
ባልዲው ደጁ ላይ ነው፤ አበባ ተክላበታለች፣ ቀይ፣ ያማረ።
«ከላይ የነበሩትስ?» ብላት፣
«ከላይ ማን ነበረ?»

ማዳም ሮላንድ የአረጋውያን ማቆያ ገብተዋል፤
እዚያ የገባ፣ በቅጹ ደንብ፣ አይቆጠርም።
ድሃ አይደሉም እንግዲህ። ብቸኛም አይደሉም።
ከቀለሙ ወጥተዋል።

ድህነት ለካሁ ስል፣ ለካ ግድግዳ ነው፤
ሰፈሩ ዳነ ስንል፣ ለካ የወጣው ሰው ነው።

ቀና ብል በከራው ዛሬም ተቸንክሯል፤
ገመዱ ተንጠልጥሏል፣ ጫፉ ተተልትሏል።
ዕቃ ከሚያወርዱት ልጆች ሜትር ተዋስሁ፤
ደረጃውን ወጥቼ፣ ቁልቁል ለካሁት።
ስድስት ሜትር ከሰማንያ።
የትም አልጻፍሁትም።